ትንሽ የውቅያኖስ ውድድር ጀልባ ልታሠሩ ካሰባችሁ፦ የቱን ከየቱ እንምረጥ?

በትእዛዝ የምትሠራ ትንሽ የሸራ ጀልባ፣ ከ6 እስከ 10 ሜትር ያለችውን ማለቴ ነው፣ ለውቅያኖስ ውድድር ልታሠሩ ስታስቡ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌ "የትኛው ዲዛይን ነው ፈጣኑ?" የሚል ነው። እኔም ከጓደኛዬ ጋር አንዷን ልንሠራ ስንነሳ ከዚህ ነው የጀመርነው፣ ብዙ ወርም አባክነንበታል። ነፋስ ከኋላ ሲሆን የምትበር ጀልባ ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣ በአሮጌ ጠባብ ጀልባ ልትቀደም ትችላለች፣ ስለዚ ፈጣን የሚባል ነገር ለብቻው የለም። መጠየቅ ያለበት የት ነው የምወዳደረው፣ ነፋሱ በብዛት ከየት ነው የሚመጣው፣ ስንት ሰው ነን፣ ደሞ በሦስተኛው ሌሊት ሁለት ሰዓት ብቻ የተኛ ሰው ይሄን ዕቃ በጨለማ ብቻውን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል ወይ የሚለው ነው። ለኔ ይቺ የመጨረሻዋ ከሁሉም ትበልጣለች፣ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የመዘንኩትም በሷ ነው።

ሕጉ ይቅደም

ዲዛይነር ከማናገራችሁ በፊት የምትወዳደሩበትን ሕግ ምረጡ፣ ጀልባዋን ግማሽ በግማሽ የሚስላት ሕጉ ነውና። ባጭሩ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ የሳጥን ሕግ ነው፣ በዚህ ልክ ውስጥ እስከገባች ድረስ የፈለጋችሁትን ሥሩ የሚል። ሚኒ 6.50 ዋናው ምሳሌ ነው፦ ርዝመት 6.50 ሜትር፣ ስፋት ቢበዛ 3 ሜትር፣ ከውሃ በታች የምትወርደው ቢበዛ 2 ሜትር። በ1977 እንግሊዛዊው ቦብ ሳልመን ሚኒ ትራንሳትን ሲጀምር ሐሳቡ ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰውም አትላንቲክን ብቻውን እየተወዳደረ እንዲሻገር ነበር፣ የሚገርመው ያቺ ትንሽ ሳጥን ከዛ በኋላ ለትልልቆቹ ጀልባዎች ሁሉ የሙከራ ላብራቶሪ ሆነች። በዚህ ክላስ ውስጥ ሴሪ እና ፕሮቶ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉ፣ ሴሪ በብዛት የተመረተች ናት፣ በትእዛዝ የምታሠሯት የምትገባው ፕሮቶ ውስጥ ነው።

ሌላው የሬቲንግ ሕግ ነው፣ አይአርሲ እና ኦአርሲ። እዚህ የተለያዩ ጀልባዎች አብረው ይወዳደሩና ሰዓታቸው በቁጥር ይስተካከላል። የአይአርሲ ቀመር ሚስጥር ነው፣ ኦአርሲ ግን የፍጥነት ስሌቱን ክፍት አድርጎታል፣ ስለዚ ዲዛይነራችሁ ገና ወረቀት ላይ እያለ አስቀድሞ መሞከር ይችላል። በሬቲንግ ሕግ ውስጥ ተንቀሳቃሽ ኪል (ኪል ከጀልባዋ ሆድ ሥር የሚወርደው ክብደት ያለው ክንፍ ነው)፣ ፎይል (ጀልባዋን ከውሃ የሚያነሳ ክንፍ)፣ በጣም ቀላል ቀፎ (የጀልባዋ ገላ) ምናምን ስታስገቡ ፍጥነቱን ታገኛላችሁ ግን በቁጥሩ መልሶ ይወሰድባችኋል። በ2013 የፋስትኔት ውድድርን (ከእንግሊዝ ተነስቶ አየርላንድ ጋ ያለውን ፋስትኔት ዓለት የሚዞረውን) በአጠቃላይ ውጤት ያሸነፉት ፓስካል እና አሌክሲ ልዋዞን፣ አባትና ልጅ፣ ሁለት ሆነው 10 ሜትር ገደማ በሆነች ጄፒኬ 10.10 ነበር፣ ሁለት ሰው ብቻ የያዘች ጀልባ ያንን ስታደርግ የመጀመሪያዋ ናት፣ ኪሏም ቋሚ ነው። የሬቲንግ ውድድር የምታስቡ ከሆነ ይሄን ታሪክ አትርሱት፣ የረቀቀ ነገር ከመጨመር ይልቅ በንጹህ የተሠራች ቀላል ጀልባ ይዞ ሳይሳሳቱ መንዳት ነው እዚያ የሚከፍለው።

ስለ ርዝመት ብዙ አልልም። ቀፎዋ ውሃውን እየከፈለች ስትሄድ (ሳትንሸራተት ማለቴ ነው) የፍጥነቷ ጣሪያ በኖት (የባህር ማይል በሰዓት) 2.43 ሲባዛ በውሃ መስመሯ ርዝመት ስኩዌር ሩት ነው፣ በሜትር። 6.5 ሜትር ላይ 6.2 ኖት አካባቢ፣ 9 ሜትር ላይ 7.3 ይሆናል። ስለዚ ሕጉ ርዝመቱን ካልወሰነላችሁ ወጪው እስከፈቀደ ድረስ አስረዝሙ፣ ግን እወቁት፣ ርዝመት ሲጨምር ሸራው፣ ገመዱ፣ ዊንቹ፣ ሁሉም አብሮ ያድጋል፣ ዋጋውም ከርዝመቱ በላይ ነው የሚሮጠው።

ቀፎ፦ ጠባብ፣ ሰፊ፣ ወይስ አፍንጫዋ ክብ?

ጠባቧን ለማወቅ ፎልክቦትን እዩ፣ 7.68 ሜትር ርዝመት፣ 2.20 ስፋት፣ 1930 ኪሎ፣ ከክብደቷ ከግማሽ በላዩ ኪሉ ላይ ያለ። በ1960 በመጀመሪያው የብቻ የአትላንቲክ ውድድር ብሎንዲ ሃስለር ጄስተርን ይዞ የተሻገረው የፎልክቦት ቀፎ ላይ ነው፣ 48 ቀን ፈጅቶበት። እንዲህ ያለች ጀልባ ማዕበል ውስጥ ለስለስ ብላ ትገባለች፣ ብትገለበጥም ቶሎ ትመለሳለች፣ ግን መቼም ውሃ ላይ አትንሸራተትም፣ ነፋስ ከኋላ ሲሆን ሌሎቹ ጥለዋት ነው የሚሄዱት።

ሰፊዋ ኋላዋ የተዘረጋ፣ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ቀላል ናት፣ የዛሬዎቹ ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው። ሚኒ ላይ 3 ሜትር ስፋት በ6.5 ሜትር ርዝመት ሲሆን ስፋቷ የርዝመቷ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስፋቱ ራሱ ቀና አድርጎ ይይዛታል፣ ብዙ ሸራ ትሸከማለች፣ ነፋስ ከጎንና ከኋላ ሲመጣ ከጣሪያው ፍጥነት በላይ ትንሸራተታለች። ክፋቷ ሁለት ነው። ነፋስ ፊት ለፊት ሲሆን ጠፍጣፋው ሆድ ማዕበሉን በጥፊ ይመታል፣ ይሄ ለሰዓታት ሲቀጥል እንቅልፍ የሚባል ነገር አይታሰብም። ሁለተኛውና ከባዱ፣ ሰፊና ጠፍጣፋ ቀፎ ተገልብጣም በደንብ ትረጋጋለች። በ1979 የፋስትኔት ውድድር በማዕበል ሲመታ 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ፣ ከዛ በኋላ በተደረጉት ጥናቶች ላይ ስፋትና የክብደት ማነስ ከመገልበጥ ጋር ያላቸው ግንኙነት ዋና ርዕስ ሆኖ ነው የቆየው። ስለዚ ሰፊ ከመረጣችሁ ዲዛይነሩን የሚዛን ግራፏን ጠይቁት፣ በስንት ዲግሪ ላይ ቀና የሚያደርጋት ኃይል እንደሚያልቅና ተገልብጣ በምን እንደምትመለስ በቁጥር ያሳያችሁ፣ "ጥሩ ነው አትስጉ" መልስ አይደለም።

ሦስተኛዋ አፍንጫዋ ክብ የሆነው ስካው ናት። በ2011 ዳቪድ ሬዞን ራሱ የሳላትን፣ ፊቷ እንደ ማንኪያ የሆነውን ጀልባ ይዞ ሚኒ ትራንሳትን በፕሮቶ ሲያሸንፍ ነገሩ ተቀየረ፣ በ2019 ደሞ የሱው ዲዛይን የሆነች ስካው በክላስ 40 (12 ሜትር ገደማ የሆኑ ጀልባዎች ክላስ) ከኢያን ሊፒንስኪ ጋር ወጥታ በትራንሳት ዣክ ቫብር፣ ሁለት ሆነው አትላንቲክን በሚሻገሩበት ውድድር፣ ክላሱን አሸነፈች። የምትሠራበት ምክንያት ሲገባችሁ ቆንጆ ነው፦ ስፋቱ እስከ ፊት ድረስ ስለሚሄድ ስታጋድል ውሃ የሚነካው ክፍል ረጅምና ጠባብ ሆኖ በአንድ ጎን ቀጥ ይላል፣ ሹል አፍንጫ ያላት ግን ስታጋድል የውሃ መስመሯ ይጣመምና መሪውን ትጎትታለች። በዛ ላይ ያ ሰፊ ፊት ማዕበል ውስጥ ለመቀበር እምቢ ይላል፣ ነፋስ ከኋላ ሲሆን ሸራውን ሳትቀንሱ ልትገፏት ትችላላችሁ። ውስጡም ይሰፋል። ክፍያው በትንሽ ነፋስና በአጭር ሾጣጣ ማዕበል ላይ ነው፣ ፊት ለፊት ስትሄድ ትደበድባለች፣ ትቆማለች። ውድድራችሁ የንግድ ነፋስን (ወደ ምዕራብ ሳያቋርጥ የሚነፍሰውን) ተከትሎ ውቅያኖስ መሻገር ከሆነ ስካው ምረጡ፣ እዚህ ላይ አላመነታም። የባህር ዳርቻ ዙሪያ ሆኖ ግማሹ ፊት ለፊት ከሆነ ግን መካከለኛ ስፋት፣ ፊቷ ትንሽ ብቻ የሞላ ትሻላለች።

ኪል፦ ቋሚ፣ ውሃ፣ ወይስ የሚዘነበል?

እዚህ ላይ ቁጥር እናስላ፣ ወሬው ብዙ ስለሆነ። 350 ኪሎ እርሳስ ከጀልባዋ የሚዛን ነጥብ 1.6 ሜትር ታች ተንጠልጥሏል እንበል፣ ጀልባዋም 20 ዲግሪ አጋድላለች።

ቋሚ ከሆነ እርሳሱ ወደ ጎን የወጣው 0.55 ሜትር ነው፣ ስለዚ ቀና የሚያደርጋት ጉልበት 190 ኪሎ-ሜትር ገደማ (ኪሎ ሲባዛ በሜትር ማለቴ ነው)። ያንኑ እርሳስ ወደ ነፋሱ በኩል 40 ዲግሪ ስትዘነብሉት በጠቅላላው 60 ይሆናል፣ ጉልበቱ 485 ይደርሳል፣ ሁለት ተኩል እጥፍ፣ አንድ ግራም ሳትጨምሩ። በአንጻሩ ኪሉ ቋሚ ሆኖ ጎን ላይ ባለ ታንከር 200 ሊትር ውሃ ከመሃል 1.2 ሜትር ርቀት ላይ ብትሞሉ 225 ገደማ ትጨምራላችሁ፣ ግን ጀልባዋም 200 ኪሎ ከበደች፣ ነፋሱ ሲቀንስ ማፍሰስ አለባችሁ። 80 ኪሎ የሆነ ሰው ጠርዝ ላይ ቢቀመጥ 105 ያህል ይጨምራል፣ ደሞ ይርበዋል፣ ይበርደዋል፣ መተኛት አለበት።

ቁጥሩን ብቻ ካያችሁ የሚዘነበለው አሸነፈ፣ ሚሼል ዴዥዋዮም በ1991 ሚኒ ላይ ካመጣው ወዲህ ፕሮቶዎቹ የተከተሉት ለዛ ነው። ግን ቁጥሩ የማይናገረው አለ። ኪሉ ሲዘነበል ወደ ጎን መንሸራተትን መከላከሉ ይቀንሳል፣ 60 ዲግሪ ላይ ግማሹ ነው የሚቀረው፣ ስለዚ ተጨማሪ የሚወርዱ ክንፎች ያስፈልጋሉ፣ ለነሱ ደሞ ቀፎው ላይ ቀዳዳ፣ ሳጥን፣ ማጠናከሪያ። አቅጣጫ በቀየራችሁ ቁጥር ኪሉን ወደ ሌላው ጎን ማዞር አለ፣ ክንፍ ማንሳት ማውረድ አለ፣ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ወደ ነፋሱ ጎን መቆለል አለ። ሳትዘጋጁ ነፋሱ ወደ ሌላኛው ጎን ቢያልፍ ያ ሁሉ ክብደት በተሳሳተው ጎን ነው ያለው፣ ጀልባዋ ትተኛለች። ከዚህ ሁሉ ጋር ኪሉ የሚታጠፍበት ማንጠልጠያ ላይ በየሞገዱ ጭነቱ ይመላለሳል፣ ብረት ደሞ በድግግሞሽ ይደክማል። በትልልቆቹ ኢሞካ ጀልባዎች ላይ ከተደጋጋሚ የኪል ብልሽት በኋላ ከ2012ቱ ቫንዴ ግሎብ (ብቻ ሆኖ ዓለምን የመዞር ውድድር) ወዲህ ለአዳዲሶቹ አንድ ዓይነት ኪል ግዴታ የተደረገው በዋዛ አይደለም፣ እነሱ ጋ የመሐንዲስ እጥረት አልነበረም።

እኔ የምለው፣ ብቻችሁን ወይ ሁለት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነና ሕጉ ካላስገደዳችሁ ቋሚ ኪል ከውሃ ባላስት (ጎን ላይ ከሚሞላው ውሃ) ጋር አድርጉ። ክላስ 40 በዚህ መንገድ ነው የሄደው፣ ኪሉ ቋሚ፣ በየጎኑ እስከ 750 ሊትር ውሃ፣ እነዛ ጀልባዎች ዓለምን ዞረዋል። ታንከሩ ቢፈስ፣ ፓምፑ ቢበላሽ ዝግ ትላላችሁ እንጂ አትገለበጡም። የሚዘነበል ኪል የምመክረው ሚኒ ፕሮቶ ላይ ለማሸነፍ ለሚወጣ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ለሙከራ ብቻ ለሚመድብ ሰው ነው።

ፎይልስ? ጀልባዋን ከፊል የሚያነሳ ፎይል በትክክለኛው አንግልና ነፋስ ተአምር ነው። ከዛ ውጪ ግን የሚጎተት ክብደት ነው፣ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ግንድ ሲመታውም ቀፎውን ጭምር ሊቀድ ይችላል። ለመጀመሪያ ጀልባ አይሆንም።

ኪሉ ምንም ዓይነት ይሁን፣ ከቀፎው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ክብደት ለመቆጠብ አትሞክሩ። በ2014 ቺኪ ራፊኪ የምትባል ጀልባ ሰሜን አትላንቲክ መሃል ኪሏ ወልቆ አራት ሰዎች ጠፉ፣ ምርመራው ቀደም ብሎ መሬት መንካቷና የተደረገላት ጥገና ያንን መጋጠሚያ አዳክሞት ሊሆን እንደሚችል ነው የጠቆመው። ስለዚ ቡሎኖቹን ከውስጥ በእጃችሁ ልትነኩ በምትችሉበት ቦታ አስቀምጧቸው፣ ወለል አትለጥፉባቸው፣ ከእያንዳንዱ ረጅም ጉዞ በፊት በባትሪ እዩዋቸው።

ከምን ትሠራ?

አንድ ካሬ ሜትር ቀፎ ስንት ይመዝናል ብላችሁ ጀምሩ። 4 ሚሊ አሉሚኒየም ሉህ 10.8 ኪሎ ነው፣ ከዛ በጣም አሳንሶ መበየድ ደሞ ቆርቆሮውን ያጣምመዋል፣ ለዚህ ነው አሉሚኒየም ከ10 ሜትር በታች ለውድድር የማይሆነው፣ ለጉዞ ግን ድንቅ ነው። 9 ሚሊ ቀላል የባህር ኮምፔንሳቶ ላዩ በስስ ፋይበርግላስና ኢፖክሲ (ሙጫ) ሲለበስ 5 ኪሎ አለፍ ይላል፣ የውስጥ አጥንቶቹን ሳንቆጥር። 15 ሚሊ ፎም በሁለት ፋይበርግላስ ቆዳ መሃል (ሳንድዊች የሚሉት) ከ4 እስከ 5 ኪሎ፣ በካርቦን ሲሆን ከዛም ይወርዳል።

ኮምፔንሳቶን ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን አከብረዋለሁ። በራሳችሁ እጅ ለምትሠሩት ሰዎች ከሱ የሚሻል የለም፣ ሻጋታ አይፈልግም፣ ስህተቱን በመጋዝ ቆርጣችሁ ታርማላችሁ። ደድሊ ዲክስ በኮምፔንሳቶ የሳላቸው ዲዲ የሚባሉት ጀልባዎች ውቅያኖስ እየተወዳደሩ ተሻግረዋል፣ ክላስ ግሎብ 5.80 ደሞ በቤት ሊሠራ በሚችል የኮምፔንሳቶ ጀልባ ላይ የቆመ ነው፣ በ2025 ዓለምን ለመዞር ከአንቲጓ ተነስተዋል። ችግሩ ኮምፔንሳቶ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚታጠፈው፣ ስለዚ ክቡን የስካው ፊት በደንብ አታገኙትም። ያንን የሚሰጣችሁ የሴዳር ጣውላ ስትሪፕ ነው፣ ቀጫጭን ዝርግ እንጨት እየተጣበቀ በፈለጋችሁት ቅርጽ ይሄዳል፣ ራሱም የሳንድዊቹ ልብ ሆኖ ይቀራል። ለአንድ ጀልባ ብቻ ሻጋታ መሥራት ለማይፈልግ ሰው ምርጫዬ እሱ ነው።

የፎም ሳንድዊች ጥበቡ ውፍረቱ ላይ ነው፣ ሁለቱን ቆዳዎች ስታራርቁ ድርቀቱ (አለመተጣጠፉ ማለቴ ነው) በርቀቱ ስኩዌር ነው የሚጨምረው፣ ፎሙን እጥፍ ብታደርጉት ክብደቱ በትንሹ ጨምሮ ድርቀቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ግን ቫኪዩም ያስፈልጋል፣ የሠራተኛ ልምድ ያስፈልጋል፣ በደንብ ያልተጣበቀ ቦታ ከውጪ አይታይም። እኛ ጋ አንዱ ፓነል ላይ ሳንቲም እያንኳኳን ድምፁ የተለየበትን ስናገኝ የመዳፍ ያህል ባዶ ቦታ ነበር፣ ቆርጠን እንደገና ሠራነው። ማንኳኳቱን ልማድ አድርጉት፣ የታወቀ ድርጅት ቢሠራላችሁም።

ካርቦን ከፋይበርግላስ ሦስት እጥፍ ገደማ ድርቅ ይላል፣ ቀለልም ይላል። የሚፈራው ሲመታ ነው፣ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል፣ ከአሉሚኒየም ጋር ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲነካካም አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ እያንዳንዱን ቡሎን መለየት ግድ ነው። ክላስ 40 ቀፎ ላይ ካርቦን ከልክሎ ምሰሶ ላይ ፈቅዷል፣ ለትንሽ በጀትም የምመክረው በትክክል ይሄንኑ ነው። አንድ የተረሳ ነገር፣ ኢፖክሲ የሆነ ቀፎ ጥቁር አትቀቡ፣ ፀሐይ ላይ ሲግል ሙጫው ይለሰልሳል፣ ነጭ ይሁን።

ምሰሶ

ካርቦኑን እዚህ አውሉት ያልኩት በስሌት ነው። ምሰሶው 15 ኪሎ ቢቀልላችሁና መሃሉ ከሚዛን ነጥቡ 5 ሜትር ላይ ቢሆን 75 ኪሎ-ሜትር አተረፋችሁ፣ ያንን በ1.6 ሜትር ጥልቀት በእርሳስ ለማግኘት 47 ኪሎ መጨመር ነበረባችሁ። ከቀፎ ላይ የተቀነሰ ኪሎ እንደዚህ አይከፍልም። ምሰሶውን ወደ ኋላ የሚወጥሩትን ተንቀሳቃሽ ገመዶች (ራነሮቹን) በተመለከተ፣ እነሱን ትታችሁ በምትካቸው በምሰሶው ጎንና ጎን ወደ ኋላ ያዘነበሉ ክንዶች ይኑሩ፣ ትንሽ ፍጥነት ይቀንሳል ግን ደክሞት የረሳ ሰው ምሰሶውን አይጥልም።

መሪ

ኋላዋ ሰፊ ከሆነ አንድ መሪ አይሆንም፣ ስታጋድል ከውሃ ይወጣና ጀልባዋ ራሷ ዞራ ትተኛለች። ሁለት መሪ ወደ ውጪ አጋደል አድርጋችሁ ስትሰቅሉ የታችኛው ቀጥ ብሎ ይሠራል። ጉዳታቸው ከኪሉ ጀርባ ተከልለው አለመሄዳቸው ነው፣ የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ ቀጥታ ያገኛቸዋል፣ ስለዚ ሲመታ ወደ ላይ የሚታጠፍ፣ በሚበጠስ ገመድ የተያዘ መያዣ ይኑራቸው፣ ሁለቱም ግራና ቀኝ የሚለዋወጡ አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ አንድ መለዋወጫ ለሁለቱም ይሆናል። ጠባብ ጀልባ ላይ ግን አንድ ጥልቅ መሪ ይበቃል፣ ይቀላል።

መሪው ከኤሌክትሪኩም ጋር ይያያዛል። ብቻውን የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ሰዓት የሚነዳለት አውቶፓይለቱ ነው፣ መሪው ከባድ የሆነባት ጀልባ ባትሪውን ትጨርሳለች፣ ባትሪ ሲያልቅ እንቅልፍ አለቀ። ስለዚ ተጨማሪ የፀሐይ ፓነል ከመግዛት በፊት መሪውን አመጣጥኑ።

አዲስ ዲዛይን ወይስ ያለ ፕላን?

ያለ ፕላን መግዛት ርካሽ ነው፣ ከሱ በላይ ግን ስህተቱ ከናንተ በፊት በሠሩት ሰዎች ላይ ታይቷል። ፕላን ገዝቶ ግን ምሰሶውን ላስረዝም፣ ኪሉን ልቀይር የሚል ሰው ሁለቱንም ያጣል፣ የተፈተነው ሚዛን ያኔ ፈርሷል። ከዜሮ የሚሳል የሚያስፈልጋችሁ ሕጉ ውስጥ ክፍተት ካያችሁ ወይም የምትሄዱበት ውድድር ላይ የሚሆን ከሌለ ነው። ያኔ ከዲዛይነሩ ጋር ስትዋዋሉ ሥዕሉ ብቻ አይበቃም፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ክብደትና ቦታ የያዘ ሰንጠረዥ፣ የፋይበሩ ንብብር ስንት ድርብርብ በየት አቅጣጫ እንደሆነ፣ በአይኤስኦ 12215 (የትንንሽ ጀልባ ቀፎ ጥንካሬ ዓለም አቀፍ መስፈርት) መሠረት የጥንካሬ ስሌቱን፣ እስከ 180 ዲግሪ ያለውን የሚዛን ግራፍ ጠይቁ፣ ስሌቱንም ሌላ መሐንዲስ ያይላችሁ።

ከዛ ወርክሾፕ ውስጥ ሚዛን ይቀመጥ፣ ወደ ጀልባዋ የሚገባው ሁሉ፣ ሙጫው፣ ቡሎኑ፣ ቀለሙ ሳይቀር ይመዘንና ይጻፍ። ቀፎና ዴክ (የላይኛው ወለል) ተጋጥመው ሲያልቁ በክሬን ሰቅላችሁ እንደገና መዝኑ፣ እርሳሱን ያኔ ነው የምታስቀልጡት፣ ከዛ በፊት ካስቀለጣችሁት ጀልባዋ ከሰንጠረዡ ስትከብድ የምትቀንሱበት ሌላ ቦታ የላችሁም።